ቀይ ጣሪያ

አውሮፕላኑ ሲያጉረመርም መንደሩ በሙሉ ገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ ሮጥን። ጆሮዬን በነጠላዬ ደፈንኩ። ቦምቡ መውደቅ ሲጀምር ጎረቤቴ ያምሮት ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «ይሄን አብራሪ ያሳደገውን እጅ እሳት ይብላው!» ብላ ረገመች።

«አሜን!» አለ ሰዉ ሁሉ።

እኔም አሜን አልኩ። ምን ላድርግ?

በእጄ ያሳደግኩት የልጄ ልጅ የጦር አውሮፕላን አብራሪ መሆኑን አንድም ሰው አያውቅም። «ከተማ ሹፌር ነው» ብያቸዋለሁ። የዛሬው እሱ ይሁን ሌላ፣ በምን አውቃለሁ? ታጣቂዎቹ ከተራራው ሲተኩሱበት «ጌታዬ፣ አታስመታብኝ» እላለሁ፤ ቦምቡ ሲወድቅ ደግሞ «ጌታዬ፣ እሱ አይሁን» እላለሁ። ይሄኔ እኮ እህል ሳይቀምስ ይሆናል የወጣው። ባለፈው ፋሲካ፣ መንገዱ ሳይዘጋ፣ ቀለም ይዞ መጥቶ የቤቴን ቆርቆሮ ቀይ ሲቀባልኝ እንኳ ከስቶ ነበር።

«ዝገት እንዳይበላው ነው፣ እማዬ» አለኝ።

የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲርቅልን ከዋሻው ወጣን። መንደሩ ይነዳል። ከጭሱ መሃል የቆመው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የኔ። ቀዩን ጣሪያ ጭረት እንኳ አልነካውም።

ያምሮት እጄን ይዛ አለቀሰች። «እሰይ እትዬ! የእርስዎን ቤት እንኳ ማርያም ጠበቀችልዎ!»

ሽማግሌው አያ ደረበ ግን ጣሪያውን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ሰማዩ ቀና አለና ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ሹፌር ነው ያልሽን ልጅ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምን ነበር የሚነዳው?»