ያልተቆፈረ አፈር

አሰገደች ዶማውን ከባሏ እጅ ነጠቀችና አራተኛውን ጉድጓድ ከጓሮው ትልቅ ድንጋይ ሥር ራሷ ጀመረችው። ይህን ማንም እንዲቆፍርላት አልፈለገችም።

የሐምሌው ዝናብ ከረፋዱ ጀምሮ ፋታ ሰጥቷል። ሦስቱ ችግኞች ከአጥሩ ሥር ተተክለዋል። ጽዱ ለሟች አማቷ ነው፤ ዋንዛው አሥራ አንድ ክረምት አርሶ ላበላቸው ለቦራ፣ ለበሬያቸው፤ ኮሶው ደግሞ ባለፈው ጥቅምት ለሞተው ውሻቸው ለአንበስ። የመታሰቢያውን ነገር ያመጣችው ደብረ ማርቆስ የምታስተምረው ልጃቸው መቅደላዊት ናት። ችግኞቹንም በሚኒባስ ጭና የመጣችው እሷው ናት።

«ለውሻም ዛፍ?» ብሎ ነበር አባቷ ፈንታ ጠዋት የሳቀው። «ውሻ ምን አገባት እርሻ!» ይበል እንጂ ኮሶውን የተከለው ራሱ ነው፤ አፈሩን ጠቅጥቆ ሲያበቃ አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ጠርጓል። አንበስ የሞተ ዕለት ደረት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ከምሮበት ነው የቀበረው። ሁለት ቀን ሙሉ እህል በአፉ አልዞረም።

«ይኸኛውስ ለማን ነው?» አለች መቅደላዊት የወይራውን ችግኝ አንሥታ።

«ለእህትሽ።»

«ለየትኛዋ እህቴ?»

«ካንቺ በፊት ነበረች። በሰባ ሰባት ቀኗ ሞተች።»

«ስሟ ማን ነበር?»

«ስም መች ደረሰላት» አለች አሰገደች፣ ዶማውን ሳታቆም።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ፍትሐት አይደረግለትም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይቀበርም፣ ተዝካርም የለው። አሰገደች የአሥራ ሰባት ዓመት አራስ ነበረች፤ አራስ ደግሞ አትወጣም። ፈንታ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልሎ ብቻውን ወጣ። ሲመለስ፣ «ከጓሯችን ነች፣ ከትልቁ ድንጋይ ሥር» አላት። ከዚያ ወዲያ አላነሡትም።

እሷ ግን ከዚያ ድንጋይ ሥር ሠላሳ ሁለት ዓመት ፍየል አላሰረችም፣ አመድ አልደፋችም። በፋሲካና በገና ሰው ሳያያት ከምትቀምሰው ቆርሳ ታስቀምጥላት ነበር። ዶሮ እንደሚለቅመው ታውቃለች፤ ይልቀመው። ብቻዋን ስትሆን ድንጋዩን ተደግፋ አልቅሳ፣ ዓይኗን ጠርጋ ትገባለች።

«አሰገድ፣ እዚያ እንኳ አይበቅልም» አለ ፈንታ። «ወዲህ ፈቀቅ ብትይ ምን አለ?»

«ይበቅላል።»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ እንዲያው ስሚኝ...»

አልሰማችውም። ዶማውን አስቀምጣ በእጇ ትጭር ጀመር፤ ስለቱ ልጇን እንዳይነካባት ሰግታ ነው። ስንዝር ሳትወርድ ጣቶቿ ጭንጫ ነኩ። ወደ ቀኝ ጫረች፤ ያው ጭንጫ ነው። በጉልበቷ እየዳኸች ድንጋዩን ዙሪያውን ጫረች፤ ከሥሩ አንድ ወጥ ቋጥኝ ነው። አሰገደች የገበሬ ልጅ፣ የገበሬ ሚስት ናት። የተቆፈረውን አፈር ካልተቆፈረው በዳሰሳ ትለያለች። ይህን አፈር ሰው ከፍቶት አያውቅም። ድመት እንኳ አይቀበርበትም።

ቀና ብላ ባሏን አየችው። እሱ እግሩን ነበር የሚያየው።

«የት አደረግሃት?»

ፈንታ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ።

«አንተ ሰው፣ ልጄን የት አደረግሃት?»

«ሊመሽ ነበር» አለ። «ዶፍ ይጥላል። ሰው ሳያየኝ ቶሎ ልገላገል ብዬ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ዶማ እንኳ አልያዝኩም። የአፋፉ አፈር ለስላሳ ነው፤ በእጄ ነው የጫርኩት።»

«ምልክትስ?»

«የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ እኮ፣ አሰገድ። ስመለስ ፊትሽን አየሁት። ቅርብ ናት ብልሽ የሚቀልልሽ መሰለኝ። ከዚያ በኋላማ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ማደር ግን በዛ።

«ለውሻው ደረትህ ድረስ ቆፈርክ» አለችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ለልጅህ ዶማ ማንሣት አቃተህ።»

«እማዬ...» አለች መቅደላዊት።

«ተይኝ አንቺ!»

«ለውሻው ስቆፍር» አለ ፈንታ፣ «እሷን ነበር የማስበው።»

«እሷ አታውቅማ።»

ከጓሮው ቁልቁል ወንዙ ይታያል። በሙሽርነቷ ዘመን ልጅ የሚዘለው ጅረት ነበር። በየክረምቱ ጎርፉ አፋፉን እየናደ ዛሬ በሬን ከነቀንበሩ የሚውጥ ቦረቦር ሆኗል። አሰገደች በዚያ አፋፍ ስንቴ ወርዳለች! እንስራ አዝላ፣ ኋላም ጀሪካን አዝላ፣ ይህችኑ መቅደላዊትን አዝላ። እየዘፈነችም ወርዳ ታውቃለች። አንድ ቀን እንኳ ቆም አላለችም። እዚህ ባዶ ድንጋይ ታቅፋ ስታለቅስ ኖራ፣ እዚያ ልጇን እየረገጠች ታልፍ ነበር።

ተነሥታ ወይራውን ከመቅደላዊት እጅ ወሰደች።

«በጣትህ አሳየኝ» አለችው። «ከየት በኩል ነበር?»

ፈንታ እጁን አነሣ። ጣቱ መጀመሪያ ወደ ተናደው ቀይ አፈር አመለከተ። እንደ ማሰብ አለና ወደ መሻገሪያው ፈቀቅ አደረገው። አሁንም መለሰው። በመጨረሻ ጣቱ ከሁለቱ መሐል፣ አፈር በሌለበት፣ ድፍርስ ጎርፍ ብቻ በሚወርድበት ላይ ቆመ።