ጥርስ የማይታይበት ፎቶ

«እማማ ዘርፌ፣ የቪዛ ፎቶ ላይ ጥርስ መታየት የለበትም» አለ ፎቶ አንሺው ለአራተኛ ጊዜ።

እሳቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ገጥመው፣ ካሜራው ቀጭ ሊል ሲል ጥርሳቸው ብልጭ ይላል። ምን ያድርጉ፤ ካናዳ ያለችው ልጃቸው ባገባች በአሥራ ሁለት ዓመቷ መንታ ወልዳ ሊያርሷት መሄዳቸው ነው።

«እስቲ የሞተ ሰው ያስቡ» አላቸው።

«እሱማ እንጀራዬ ነው» ብለው፣ በየለቅሶ ቤቱ የሚጠሩበትን ሙሾ አወረዱት። ወረፋ የያዙት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ፎቶ አንሺው የሞተች እናቱ ትዝ ብላው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

እንደምንም እንባውን ጠርጎ ካሜራውን ቢያነሳ፣ የእማማ ዘርፌ ጥርስ አሁንም አልከደን ብሏል።

«ልጄ፣ የእኔ እንጀራ ማስለቀስ እንጂ ማልቀስ አይደለም» አሉት።