አዴ ቀለሟ ዛሬን የሚያዩበት ካርታ

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ባጃጅ ጉድጓድ ሲያይ ይዞራል፤ ወሬ ግን ይዘለዋል። በዚያ ሰሞን ጉድጓዱን ሁሉ ዘሎ የከረመው ወሬ አዴ ቀለሟ ጠንቋይ ሆኑ የሚለው ነበር።

አዴ ቀለሟ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቸርች ወንበራቸው ታጥተው የማያውቁ ሴት ናቸው። መዝሙር ሲያወጡ የጣሪያው ቆርቆሮ ሚስማሩን ይለቅ ነበር። ካርታው የተገኘው እንግዲህ በእኚህ ሴት እጅ ነው።

ካርታው ቁማርተኛ የሚያውቀው ዓይነት አይደለም። ታሮት ይሉታል። የአንበሳ አፍ የምትይዝ ሴት አለችበት፤ ሰረገላ የሚነዳ ሰው አለበት። እሳቸው ቤት ተከራይቶ የነበረው መምህር ጫንያለው ወደ ጎጃም ሲዛወር ትቶላቸው ሄደ።

«እማማ፣ ይኼ ነገን አይናገርም» አላቸው። «በየማለዳው አንዷን ያውጡና፣ ዛሬ የት ነኝ ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ቀኑ ሳያዩት እንዳያልፍ ነው።»

ጎረቤት ያየው ግን ሌላ ነው። ሰው ደጃቸው ሲመጣ አዴ ቀለሟ ፊቱን ትኩር ብለው ያያሉ። ካርታቸውን ያገላብጣሉ። አንዷን ይመዛሉ። ከዚያ ፊታቸው ይበራል።

«ጋሩማ! ጉልበትህ ተሻለህ?»

ጋሩማ ወደ አንገር ጉቲን አይሱዙ የሚነዳ ሾፌር ነው። «ስለ ጉልበቴ ትንፍሽ አላልኩም!» እያለ፣ እያነከሰ ሰፈሩን አዳረሰው።

የባሰው ደግሞ ካርታው አለመሳሳቱ ነው። ለጋሩማ ሁልጊዜ ሰረገላው ይወጣል። ለወተት ሻጯ ዘርፈሽ ሁልጊዜ ከማሰሮ ወደ ማሰሮ የምታንቆረቁረው ሴት ትወጣለች።

«ሰይጣን መዝግቦናል» አለች ዘርፈሽ። «ለእያንዳንዳችን ፋይል ከፍቶልናል!»

ወሬው ቢላ ከተማ ድረስ ሄዶ ሐዊን አገኛት። ሐዊ የአዴ ቀለሟ ብቸኛ ልጅ ናት፤ ቢላ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ጉንጯ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ስንቱን የመዘምራን ጎረምሳ ከዜማ አስወጥታለች። እናቷን ካየች አምስት ወር አልፏታል። በስልክ «መንገዱ ተዘግቶ ነው» ትላቸው ነበር። መንገዱ የተዘጋው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። የቀረውን የዘጋችው ራሷ ናት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣች። እናቷ በሩ ላይ አዩዋት። ብዙ አዩዋት። ከዚያ ወደ ካርታው ዞሩና ያገላብጡ ጀመር። ባለ አንበሳዋን ሴት መዘዙ፤ ቀና አሉ።

«ሐዊ! ኢንታላ ኮ! ልጄ!» ብለው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ።

ሐዊ እቅፋቸው ውስጥ እንዳለች በረዶ ሆነች። እናቴ የገዛ ልጇን ለመቀበል ሰይጣንን ታስፈቅዳለች! ጥፋቱ የማን እንደሆነም ማንም ሳይነግራት አወቀችው። ብቻዋን የተተወች እናት ያገኘችውን ትወዳጃለች። ምሳ ቀረበ፤ ሐዊ ግን ትሪውን ገፋ አደረገችው።

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ ይኼን ነገር ተይው።»

«ዛሬን የማይበት እኮ ነው።»

«ዛሬን ለማየት ዓይን አይበቃም?»

አዴ ቀለሟ ሳቁ። «ዓይንማ ያያል» አሉ።

ሐዊ በቀጥታ ወደ ቸርቹ ሽማግሌ ወደ ኦቦ ፉፋ ሄደች። ኦቦ ፉፋ ሲጸልዩ የነቀምቴ ውሻ ሁሉ ጩኸቱን አቁሞ ተራውን ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ዕቃ የተገኘበት ቤት ሲኖር ሽማግሌዎች ሄደው ይጸልያሉ፤ ዕቃውንም እዚያው ግቢ ውስጥ ያቃጥሉታል። ደንቡ ነው።

«እናቴን ከሰስኳት ማለት ነው፣ ኦቦ?» አለች።

«ማዳን ነው እንጂ ምን ክስ አለው!» አሏት።

አፏ አሜን አለ። ሆዷ አላለም።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ፉፋ ሌላውን ሽማግሌ ሞሲሳን አስከትለው መጡና ግቢው ውስጥ እሳት አነደዱ። ካርታዎቹን በሁለት ጣት፣ እንደ ሞተ አይጥ፣ አንድ በአንድ አነሷቸው።

«ምልክት!» ብለው ጮኹ። «ምልክት ተደርጎባቸዋል!»

እውነትም በሰረገላ ነጂው ጉልበት ላይ የከሰል ጭረት አለ። በባለ አንበሳዋ ጉንጭ ላይም የከሰል ነጥብ።

«የጥንቆላ ማኅተም!» አሉ ሞሲሳ፣ ወደ ኋላ እየሸሹ። አጥሩ ባይዛቸው ጊምቢ በደረሱ ነበር።

አዴ ቀለሟ አልተከራከሩም። ባለ አንበሳዋን ብቻ ቀስ ብለው አንስተው ደረታቸው ላይ ለጠፉ።

«ሌላውን ሁሉ ውሰዱ» አሉ። «ይህችን አንዷን ተዉልኝ።»

«አዴ፣ ግማሽ ንስሐ የለም» አሉ ኦቦ ፉፋ።

«ግማሽ አይደለችም። አንዲት ናት።»

የአሮጊት ጣት ለማላቀቅ የደፈረ ሽማግሌ አልተገኘም። ያላቀቀችው ሐዊ ናት፤ ጣት በጣት፣ እያለቀሰች። ካርታዋን እሳቱ ውስጥ ጣለቻት።

«ስለምወድሽ ነው» አለቻቸው።

አዴ ቀለሟ እሳቱን አልተመለከቱም። የሐዊን ፊት ነበር የሚያዩት፤ ፈተና እንደደረሰበት ተማሪ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

ሽማግሌዎቹ ዘምረው፣ ባርከው፣ ሄዱ። ሐዊ ጭሱን ከፊቷ ታጠበች፤ ልብሷን ቀየረች። ከእንግዲህ በየሳምንቱ እመጣለሁ፣ እናቴን ለሰከንድ ብቻዋን አልተዋትም ብላ ለራሷ ማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት። ፈገግ ብላ ወደ ሳሎን ገባች።

አዴ ቀለሟ ነጠላቸውን አስተካክለው ከወንበራቸው ብድግ አሉላት።

«ኖር! ይቀመጡ እንጂ፣ ቆመው አይቅሩ፤ ልጄ ሐዊ ከቢላ መምጣቷ ነው፣ አብረን እንጠብቃት።»