ጣሊያን ሰራሽ ጫማ

የሀገር ውስጥ ሠራተኛን ከባዕድ ዕቃ የሚታደገው መመሪያ በስብሰባ ላይ ሲነበብ፣ መዳፋቸው እስኪቀላ ያጨበጨቡት ጫማ ሰሪው ጋሽ ሽኩር ነበሩ። በሳምንቱ የመመሪያው ተቆጣጣሪ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ ከች አለና ሱቃቸው ውስጥ ያለውን ጫማ በሙሉ «ኮንትሮባንድ ነው» ብሎ መኪና ላይ ያስጭን ጀመር።

«ኧረ ጌታዬ፣ በእነዚህ እጆቼ የሰፋኋቸው ናቸው!»

«ታዲያ ሶሉ ላይ ‹ሜድ ኢን ኢታሊ› የሚለው ምንድን ነው?»

«እሱን ካልለጠፍኩበት ማን ይገዛኛል?»

ተቆጣጣሪው ሳቀ። «አባባ፣ የኛ ሰው እንዲህ ያለ ስፌት ከየት ያመጣል? እኔ እንኳን ይሄን ያደረግኩትን ከሮም ነው ያስመጣሁት።» እግሩን አንስቶ አሳያቸው።

ጋሽ ሽኩር ጎንበስ ብለው ስፌቱን አዩት።

«እስቲ አውልቀው፣ ልጄ። የውስጥ ንጣፉን ገለጥ አድርገህ እይ፤ በእስክሪብቶ ‹ሽኩር› የሚል ታገኛለህ። ስሜን የምጽፈው እዚያ ብቻ ነው።»

ተቆጣጣሪው አውልቆ ገለጠና አነበበ። ፖሊሶቹ አለማየታቸውን አረጋግጦ ንጣፉን ቦታው መለሰ፤ ጫማውን አጥልቆ ክሩን አጠበቀ። ከዚያም ቅጹን አውጥቶ ጻፈ፦ «ጫማዎቹ ጣሊያን ሰራሽ መሆናቸው በባለሙያ ተረጋግጧል።»