የኮርማው ጭራ

ሚልኪያስ ከጥጃነቱ ያሳደገውን ኮርማ በገመድ ይዞ ቆሟል። ከሪያድ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ እርባታ፣ በጥቂት መኖ ብዙ ሥጋ የሚይዙት ኮርማዎች ላብራቶሪ በሚደረግ የጭራቸው ፀጉር ሥር ምርመራ ተለይተው ለዘር ቀርተው ነበር።

«የዚህ ውጤት የለም። የላክነው ፀጉር ሥር አልነበረውም» አለ አሠሪው አቡ ፈይሰል። «ንጭ አልኩህ እንጂ ቁረጥ መቼ አልኩህ?»

«የሌሎቹን ነጨሁ፤ በእኛ ቤት ግን ያሳደጉት ኮርማ ጭራ አይነጭም፣ ነውር ነው። አዝኜለት በመቀስ ቆረጥኩት።»

«ያላዘንክላቸው ለዘር ቀሩ። ያዘንክለት ይታረዳል።»

ሚልኪያስ ጭራውን በእጁ ጠምጥሞ ፀጉሩን ከነሥሩ ነጨና አቡ ፈይሰል ደረት ላይ ወረወረው።

«ይኸው ሥሩ! ላከው!»

«ኸላስ፣ አበቃ፤ የቄራው መኪና መጥቷል።»

ኮርማው አልተራገጠም። እንደ ልማዱ የሚልኪያስን እጅ ሊልስ ዞረ።