የተዘረጋው መስገጃ

«ልጄ፣ እስኪ ትንሽ ፈቅ በይልኝ» አሏት አብረዋት ሲጠብቁ ያረፈዱት አሮጊት። ከቀዶ ጥገናው ክፍል ደጃፍ ወለሉ ላይ የተቀመጠችው ወጣት እናት፣ የአንገቷን መስቀል አይተው የተጠየፏት መሰላትና ከንፈሯን ነክሳ ተነሳች። የልጇን ልብ ከበሩ ወዲያ እየጠገኑት ነው፤ ለጠብ የሚሆን አቅም አልነበራትም። አሮጊቷ ግን በለቀቀችላቸው ቦታ መስገጃቸውን ዘርግተው ሰገዱ።

ሲጨርሱ አላጠፉትም። «እዚህ ታሞ ለተኛው ሽማግሌዬ አላህን ስለምን ልጅሽንም ጨምሬዋለሁ። ነይ፣ አንቺም በራስሽ አፍ ንገሪው።»

«እማማ፣ የእኔና የእርስዎ አምላክ አንድ ነው እንዴ?»

«እሱን ለተማሩት ተይላቸው። ወለሉ እንደሆነ ለሁላችንም ይቀዘቅዛል።»

ሳታስበው ፈገግ አለች። መስገጃው ላይ ተንበረከከች፤ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያላት ጸሎትም ቀስ እያለ መጣላት። ገና ሳትጨርስ በሩ ተከፈተ፤ ሐኪሙ ጭምብሉን ዝቅ አደረገ።

«ልጅሽ ደህና ወጥቷል። ልቡ በራሱ እየመታ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች፤ ጠዋቱን ሙሉ ከጎኗ ስትሰማው የቆየችው ቃል ቀድሞ ከአፏ ወጣ።

«አሜን፣ አሜን» አሉ አሮጊቷ፣ በሁለት እጃቸው ደግፈው እያነሷት። እሷም ጉልበታቸውን ስማ፣ ሐኪሙን ተከትላ ወደ ልጇ ገባች።