ጩኸቱን ተከትሎ

ፖርቱጋል ውስጥ ስሙን የማያውቅ ሕፃን አልነበረም። በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ግን ዝነኛውን አጥቂ፣ የቡድኑን ካፒቴን፣ ዓይኑ ከዳው። ኳሷ ራቅ ስትል ጭጋግ ይውጣታል፤ ከሰውም የሚያየው ጥላውን ብቻ ሆነ። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ሉርድሽ ብቻ ነበረች።

በዋንጫው ፍፃሜ ዕለት ጠዋት በሩን ዘግታ ቆመች። “ለአሰልጣኙ እውነቱን ሳትነግረው አትወጣም!”

“ዛሬን ብቻ ተዪኝ፣ ሉርድሽ። ከኳስ ሌላ ምን አውቃለሁ? ያለሷ እኔ ማን ነኝ?”

እያለቀሰች ከበሩ ገለል አለችለት።

ጨዋታው እኩል ለእኩል አልቆ ወደ መለያ ምት አመራ። የመጨረሻዋ ምት ካልገባች ዋንጫው የተጋጣሚያቸው ነው። አሰልጣኙ ሌላ ተጫዋች ሊልክ ሲል ካፒቴኑ ቀደመ።

“እኔ ነኝ የምመታው!” አለና ኳሷን ነጥቆ ሄደ። ነጥቡ ላይ አስቀመጣት፤ ተንደርድሮም ባለ በሌለ ኃይሉ መታት።

ስታዲየሙ በጩኸት ተናወጠ።

ማልያውን አወለቀ። እጆቹን ዘርግቶ፣ እንባው እየወረደ፣ ወደ ጩኸቱ ሮጠ። አጥሩ ሥር ተንበርክኮ ለደጋፊው ሰገደ። ጩኸቱ ባሰ። ጓደኞቹ መጥተው እስኪከመሩበት ጠበቀ፤ ማንም አልመጣም።

በመጨረሻ አንድ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ። የቡድኑ በረኛ ዱዋርቴ ነበር።

“ተነስ፣ ካፒቴን” አለው ጆሮው ሥር ጎንበስ ብሎ። “ኳሷን በረኛቸው ይዟታል። እነዚህ የእነሱ ደጋፊዎች ናቸው።”